መብራት ሲመጣ የማይጠፋው ሻማ

ሮዳስ ኬሚካል ምህንድስና ተምራ ፉሪ ውስጥ ባለ መዓዛ ሻማ ትሠራለች። ደንበኛ የሚባል አንድ ብቻ አላት፦ ሱሉልታ ላይ የሯጮች ማረፊያ የከፈቱት ኦቦ ዲሪርሳ። እሳቸው ከተዉ ሥራውም እዚያው ላይ ያበቃል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወሉላት።

«ሻማሽ ራሱን ይቀብራል» አሉ። «ነይና ሬሳሽን ውሰጂ።»

አንድ አዲስ ሻማ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በሚኒባስ ሄደች። ማሳጅ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሻማ በየብርጭቆው ተደርድሯል። ሁሉም መሀሉ ጉድጓድ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ሰሙ ሳይነካ ቆሟል፤ ክሩ ከሥር ሰጥሟል።

«መቼ መቼ ነው የምታበሩት?»

«መብራት ሲጠፋ ነዋ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ በቀለች።

«የምታጠፉትስ?»

በቀለች ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ተጠራጠረች። «መብራት ሲመጣ!»

ሮዳስ ገባት። እዚህ መብራት ሃያ ደቂቃ ሄዶ ይመጣል። ሻማ ደግሞ መጀመሪያ በተለኮሰበት ቀን ከዳር እስከ ዳር ካልቀለጠ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ታች ይቆፍራል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል» አለች።

«መብራት እያለ?» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። «ጎረቤት ቆጣሪያቸው ተነቀለ ይበለኝ?»

«ዛሬ አዲስ ልሞክርልዎት። ዳር ካልደረሰ ሬሳዎቼን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ካልደረሰ ሁለተኛ ሻማ እንዳታሳዪኝ።»

የአዲሱን ሻማ ክር በጥፍር መቁረጫ አሳጠረች፤ ከረዘመ ያጨሳል፣ ሰሙንም ቶሎ ይጨርሳል። ነፋስ እሳቱን ወደ አንድ ወገን እንዳይገፋው መስኮቱን ዘጋች። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ለኮሰች።

ስምንት ተኩል ላይ መብራት መጣ። «መጣ!» የሚል ጩኸት ከኩሽና እስከ ግቢው በር አስተጋባ፤ በቀለች ሮጣ ገብታ ጉንጯን ነፋች። ሮዳስ የሴትዮዋን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እንዳታጠፊው!»

«መብራት አለ እኮ!»

«ይኑራ!»

ቀጥሎ ጥበቃው ጉንጩን ነፍቶ መጣ። ከዚያ ለመታሸት የገባ ሯጭ ጫማውን ሳያወልቅ ሻማው ላይ አጎነበሰ። የሯጭ ሳንባ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ይሄኛውን ሮዳስ በትከሻዋ ነው የመለሰችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀለች ወንበር ስባ ሻማው ፊት ተቀመጠች።

«እኔ ተከልክዬ ሌላ ሰው ሊያጠፋው? አይደረግም!»

ኦቦ ዲሪርሳ አሥር ተኩል ላይ ገቡ። የቀለጠው ሰም ብርጭቆውን ለመንካት የጥፍር ያህል ይቀረዋል።

«ያው አልደረሰም» አሉና ጉንጫቸውን ነፉ።

«ኦቦ!» በቀለች እጇን በእሳቱና በአሠሪዋ መካከል ዘረጋች። «እኔ እዚህ የተገተርኩት ለጨዋታ ነው እንዴ? ሰዓቱ መቼ ሞላ?»

ኦቦ ዲሪርሳ ትንፋሻቸውን ወደ ግድግዳው ለቅቀው ቁጭ አሉ። ሦስቱም ሰም ሲቀልጥ ማየት ጀመሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኦቦ ዲሪርሳ ብርጭቆውን ዞረው ዞረው አዩት፤ ዳሩ ላይ ያልቀለጠ ሰም የለም።

«ሃያ ላኪልኝ» አሉ።

ሮዳስ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ፊቷን አዙራ ነው ታዲያ። «አሁን ማጥፋት ይቻላል።»

«እኔ ነኝ የማጠፋው!» አለች በቀለች፤ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ያመቀችውን ትንፋሽ በአንዴ ለቀቀችው። ከቀለጠው ሰም ግማሹ ኦቦ ዲሪርሳ ሸሚዝ ላይ አረፈ።

ሸሚዛቸውን ከደረታቸው አላቀው ያዙና ወደ ሮዳስ ዞሩ።

«ሃያውንም ከነማፈኛ ክዳናቸው ላኪ።»