ለሁሉም አቤት ያለው ሰው

«አጎቷ ነው በሏቸው፤ በሞቴ፣ ጋሽ ከፈለኝ!» አለች ናዝራዊት፣ ያልነካችውን የንፍሮ ሰሃን ወደ ጎን እየገፋች።

የማንኪራው ሽማግሌ ንብ አናቢ ጋሽ ከፈለኝ አገጫቸውን አከኩ። የአባቷ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቦንጋ ያሉት የእድሯ ሴቶች መኪና ተኮናትረው እየመጡ መሆኑን ደውለው ነግረዋታል። እሷ ደግሞ ለእድሩም ለመሥሪያ ቤቷም «አጎቴ ሞተብኝ» ብላ ነው የመጣችው። ምን ታድርግ? አባቷን ከሰባት ዓመት በፊት ገድላዋለች።

በእጇ አይደለም፤ በአፏ ነው። ልታገባ ስትል የባሏ ዘመዶች «አባትሽ ማን ይባላሉ?» ቢሏት፣ «ጠንቋዩ በዛብህ» ማለት ሞት ሆነባትና «አባቴ ሞቷል» አለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ከበደ። የቦንጋ ሰው ሞት ሰምቶ መች ዝም ይላል? ድንኳን ተጣለ። ጎረቤቷ እትዬ ተሾመች ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱላት። እሷም አብራ አለቀሰች። በዚያው ቀን በዛብህ ማር ይዞ ገበያ ወጥቶ ነበር። የልጁ ደጅ ላይ ድንኳን ቢያይ የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩት። ማሩን «ለለቀስተኛው ይሁን» ብሎ ሰጥቶ፣ ሳይገባ ተመለሰ። ናዝራዊት ከውስጥ ሆና አይታዋለች፤ አልወጣችም።

«እሺ፣ አጎቷ ነው እላለሁ» አሉ ጋሽ ከፈለኝ። «ግን እንዴት እንደሞተ ልንገርሽ።»

ሰው ሁሉ ሲንሾካሾክበት ሰንብቷል፤ እሷ ግን መጠየቅ ፈርታ ነበር።

«ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቼ ነበር። ልክ ቀትር ሲሆን ወፉ ሁሉ ጸጥ አለ። ከገደሉ ሥር የአጋንንት ሠራዊት ወጣ። አንድ ሁለት እንዳይመስልሽ! ጫካው ጠቆረ። ፊት የላቸውም፣ አፍ ብቻ ናቸው። አባትሽ ወደ መንደሩ የሚያሻግረው የግንድ ድልድይ ላይ ከዘራውን ይዞ ብቻውን ቆሟል።»

የቀትር ጋኔን ሰውን በስሙ እንደሚጠራ፣ አቤት ያለም እንደሚሞት ማንኪራ ውስጥ የማያውቅ የለም። ለዚህ ነው እናቶች በቀትር ልጆቻቸውን በስም የማይጠሩት። ግን ሕፃን ሲጠሩት ዝም ማለት መች ያውቃል?

«‹ህይወት!› አሉ፣ የኔን የልጅ ልጅ። በዛብህ ቀድሟት ‹አቤት!› አለ። ፀጉሩ እያየሁት ነጣ። ‹ኮከብ!› አሉ። ‹አቤት!› ግራ እጁ ደረቀ። መንደሩን በሙሉ እየጠሩ መጡ፤ ለሁሉም እሱ አቤት አለ። አንድ አቤት ባለ ቁጥር አንዱ ጋኔን ወደ ገደሉ ይመለሳል፣ እሱም አንድ ነገር ይጎድልበታል። በመጨረሻ አንድ ጋኔን ብቻ ቀረ።»

ናዝራዊት ወደሳቸው ጠጋ አለች።

«ማንን ጠራ?»

«አንቺን ነዋ! ያኔ በዛብህ ተንበርክኳል፣ ዓይኑም አያይም። ‹ተወው፣ ቦንጋ ሩቅ ነው፣ አይደርስባትም!› ብዬ ከዛፍ ላይ ጮህኩ። ‹ቦንጋስ ቀትር የለም?› አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ‹አቤት› አለ። ወርጄ ሳቅፈው እስትንፋሱ የለም።»

ናዝራዊት አንገቷን ደፋች። እንባ ግን አልመጣላትም።

ወዲያው ደጅ ላይ መኪና ቆመና ሴቶቹ እየጮሁ ገቡ። አልቅሰው ጋብ ሲሉ እትዬ ተሾመች አጠገቧ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናሽ። አጎትሽ በምን አረፉ ልጄ?»

ጋሽ ከፈለኝ ቃላቸውን ሊጠብቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ናዝራዊት ቀደመቻቸው።

«አጎቴ አይደለም፣ እትዬ። አባቴ ነው። ጠንቋዩ በዛብህ።»

«አባትሽንማ አልቅሰን የለ እንዴ?»

«ያኔ በሕይወት ነበር። አፍሬበት ዋሸኋችሁ።»

ከሴቶቹ አንዷ አማተበችና ወጣች፤ ሁለት ሦስቱ ተከተሏት።

«የኔን እንባ!» አሉ እትዬ ተሾመች። «በቁም ላለ ሰው አስለቀስሽኝ?» ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አልወጡም፤ ተመልሰውም አልተቀመጡም።

ናዝራዊት ከግድግዳው ሚስማር ላይ የአባቷን ካፖርት አውርዳ ለበሰች። ከምንጣፉ ወርዳ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቿን ዋጠ። አላጠፈችውም፤ እንባዋ ሲመጣ በሱው ጠረገች።