የራሂማ አይነካም

አቶ በላቸው ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ወርደው ደሴ ፒያሳ ያለችው የልጃቸው የእስከዳር ኢንተርኔት ቤት ሲገቡ፣ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ስድስቱንም ሰላም ይላሉ። ሰዎቹን ሳይሆን ኮምፒውተሮቹን። ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ማሽን ሰላም ካላሉት ያኮርፋል ብለው ያምናሉ። ደንበኛው ይስቃል፤ እስከዳር ታፍራለች። ዛሬ ያን ሰላምታ ለመስማት የማትሰጠው ነገር የለም።

በሁለት ሺህ ሦስት መስከረም፣ ጡረታቸውን በተቀበሉ ማግስት፣ ሰላምታቸውን ሲያዳርሱ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ሲደርሱ ቆመው ቀሩ። አንድ ደንበኛ ሳይዘጋው ወጥቶ ነበር። አረንጓዴ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ዘጠኝ ስም፣ መሃሉ ላይ አምስት ካርታ።

«እስከዳር! ይኼ ካርታ አይደለም እንዴ?»

«ፖከር ይባላል አባባ። ይተዉት።»

«ሰውዬው ከማን ጋር ነው የሚጫወተው? ብቻውን ነበር እኮ የተቀመጠው።»

«ከዓለም ጋር ነዋ። ያኛው ብራዚል ነው ያለው፣ ይኼኛው ፖላንድ።»

«ሁሉም ቤታቸው ቁጭ ብለው?»

«ቤታቸው ቁጭ ብለው።»

አቶ በላቸው ወንበር ሳቡ።

እስከዳር ካርታና አባቷ አንድ ቦታ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ በሰማንያ ሰባት፣ ፋብሪካው ውስጥ የሃያ ሰው እቁብ ነበር፤ በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር፣ ሲሰበሰብ ሺህ ብር። ሰብሳቢው አቶ በላቸው ነበሩ። ዕጣው ከፈትል ክፍሏ ከራሂማ እጅ በገባበት ወር፣ ሺውን ብር በኮት ኪሳቸው ይዘው ማታ አንድ ዙር ካርታ ብቻ ልጫወት ብለው ተቀመጡ፤ ሲነሱ ኪሱ ባዶ ነበር። ራሂማ በማለዳ መጥታ በር ላይ ቆመች። የልብስ ስፌት ማሽን ልትገዛበት ነበር። «በሚቀጥለው ወር» አሏት። በዚያው ዓመት የእስከዳር እናት ታመመች፣ ሞተች፤ የሚቀጥለው ወር አሥራ ስድስት ዓመት ሆነ። ራሂማ ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች፤ አሁን እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ትንሽ የመጋረጃ ስፌት ቤት አላት። አቶ በላቸው ደሴ ሲመጡ በሆጤ በኩል አያልፉም። ጉዳያቸው ወደዚያ ቢሆን እንኳ ግማሽ ከተማ ዞረው ይሄዳሉ እንጂ በዚያች ሱቅ ደጅ አይረግጡም።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ለንስሐ አባታቸው የገቡትን ቃል ግን አላፈረሱም፦ «ከኪሴ አንዲት ሳንቲም አውጥቼ ካርታ ላይ አላስቀምጥም።»

«ያለ ገንዘብ አይጫወቱትም ይኼን?» አሉ፣ ዓይናቸው ከስክሪኑ ሳይነሳ።

እስከዳር መዋሸት ነበረባት። አልቻለችበትም። «በነፃ የሚገቡበት ውድድር አለ። ሦስት አራት ሺህ ሰው ይገባል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ዶላር ይሰጣቸዋል።»

«ከኪስ የሚወጣ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያ ቃሌን አላፈርስም።»

«አባባ!»

«መምሬን ጠይቂያቸው። ከኪሴ ነው ያልኩት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማሽኑ ዛሬ ስንት ነው? ጠይቄያለሁ፤ ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ጡረታዬን ታውቂዋለሽ። የራሂማን ማሽን ልግዛና በሆጤ በኩል አንገቴን ቀና አድርጌ ልለፍ። ከዚያ ይኼን አራተኛውን ዳግመኛ ሰላም አልለውም።»

ስዊድን ያለው የወንድማቸው ልጅ ምንይሉ በራሱ ስም አካውንት ከፈተ። በስልክ፣ «አጎቴ፣ ያሸነፉትን እኔ በሐዋላ እልካለሁ፤ ግን የሚያሸንፉ አይመስለኝም» አላቸው። «አንተ ብቻ በሩን ክፈት» አሉት።

እስከዳር አስተማሪ ሆነች። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ተደብቆ ይሰጣል፤ መሃል ላይ አምስት ይዘረጋል፤ ከሰባቱ ምርጡን አምስት የሠራ ይበላል። ካርታህን ካልወደድከው ታልፋለህ፣ ከወደድከው ትከተላለህ ወይም ትጨምራለህ፤ ያለህን በሙሉ መግፋትም አለ። ያን የመጨረሻውን አቶ በላቸው «መጠቅለል» ብለው ሰየሙት። እስከዳር አብራ ሰየመች፣ አብራ ተማረች። በሁለተኛው ሳምንት ቤቷ ሄዳ ስትተኛ ካርታ ታልም ነበር።

«ሦስትና ዘጠኝ። ምን ላድርግ?»

«ይለፉ።»

«ንጉሥና አራት?»

«ይለፉ አባባ።»

«ታዲያ መቼ ነው የምጫወተው?»

«ማለፍ ነው ጨዋታው።»

አቶ በላቸው እጃቸውን ከማውሱ አንስተው ልጃቸውን አዩ። «ይኼን በሰማንያ ሰባት የነገረኝ ሰው አልነበረም» አሉ።

ያንን ከሰሙ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። መቶ ጊዜ ያልፋሉ፣ አንድ ጊዜ ይጨምራሉ። ትዕግሥታቸው የሽመና ጠጋኝ ትዕግሥት ነበር፤ የተበጠሰውን ክር እስኪያገኙ ማሽኑን የማያስነሱ። አንድ ቀን ብራዚላዊው ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎላቸው ደነገጡ።

«ምን አለኝ? ሰደበኝ?»

«‹ጥሩ ተጫወትክ› ነው ያልዎት።»

«ውይ ጨዋ! እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በፈለግሽው። ብቻ ካርታውን እንዳታሳዪው።»

የመጀመሪያዋ አራት ዶላር የገባች ቀን አቶ በላቸው ከወንበሩ ተነስተው እንደ ልጅ ዘለሉ፤ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ መምህርም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበላቸው። እስከ ኅዳር ሃያ ዶላር ሆነች።

እዚህ ላይ እስከዳር ፈራች። ሃያዋ ዶላር አሁን ገንዘብ ናት፤ ገንዘብ ደግሞ አባቷን ታውቃቸዋለች። አቶ በላቸው ግን ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁ። ቀስ ብለው ከላይ እስከ ታች ሃያ ስም ጻፉ። ደጉ። አልጣሽ። አሚና። ሰርካዲስ። ወርቅአፈራሁ። አግማስ። ...

«ምንድን ናቸው?»

«እቁባችን ናቸዋ። ሃያ ዶላር፣ ሃያ ሰው። ለአንድ ጨዋታ አንድ ሰው ነው የማወጣው። የደጉን ዶላር ይዤ እገባለሁ፤ ከበላሁ ለሃያውም እኩል ይካፈላል። ከተበላሁ ደጉን ይቅርታ ጠይቄ እነሳለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ሰው አልነካም።»

እስከዳር ወረቀቱን አየች። የመጨረሻው ስም ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«የራሂማ ተራስ መቼ ነው?»

«የራሂማ አይነካም» አሉ።

ወረቀቱ ከአራተኛው ኮምፒውተር በላይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሁሉ የሰው ሆነ። «ዛሬ በማን ነዎት?» ትላለች እስከዳር ገና ከበሩ። «በአልጣሽ! አልጣሽ ድሮም ዕድሏ ጥሩ ነበር!» አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ «ወርቅአፈራሁን ትልልቆቹን ሁለት አስ ይዤ አስበላኋት። አፈር በሆንኩ!» ወርቅአፈራሁ ኮምቦልቻ የልጅ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ በስሟ ፖላንዶች እንደሚፋለሙ የነገራት የለም።

ጥር ላይ ክፉ ሳምንት መጣ። ደጉ ሄደ፣ አሚና ሄደች፣ አግማስ ሄደ። ስድስት ቀን ስድስት ሰው። በሰባተኛው ቀን ሰርካዲስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስትሄድ አቶ በላቸው አልተነሱም። ማውሱን ወደ ሌላ ጨዋታ መግቢያ ገፉት፤ ፊታቸው ያን የሰማንያ ሰባቱን የማለዳ ፊት ሆነ። እስከዳር ከጠረጴዛዋ አየቻቸው፤ የኮምፒውተሩን ገመድ ለመንቀል ተነሳች። ከመድረሷ በፊት ቀና ብለው ወረቀቱን አነበቡ። ከንፈራቸው ከላይ እስከ ታች ሲንቀሳቀስ አየች። ከታችኛው ስም ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አነሱ።

«ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሳይወርድ ልሂድ» አሉና ወጡ። እስከዳር ገመዱን እንደያዘች ቀረች።

ግንቦት ላይ ሃምሳ ስምንት ዶላር ነበራቸው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ዶላር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሁለት ዶላር መግቢያ ያለው፣ ስድስት መቶ ሰው የሚገባበት ውድድር ተገኘ። በአልጣሽ ገቡ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ ሃምሳ ሰው ቀረ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘጠኝ። የኢንተርኔት ቤቱ ደንበኛ ሁሉ የራሱን ትቶ ከጀርባቸው ቆመ። ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ መጣ፤ ግማሽ ራሱ የተቆረጠ ደንበኛውም ተከትሎት።

«ስንት ቀሩ?»

«አምስት!»

«ጋሼ፣ ይጠቅልሉ!» አለ ግማሽ ራሱ የተቆረጠው።

«አንተ ፀጉርህን ጨርስ» አሉት ዞር ሳይሉ።

ሦስት ቀሩ። አቶ በላቸው፣ ፖላንዱና አንድ ፊሊፒንስ። ንጉሥና ዘጠኝ ደረሳቸው። ፖላንዱ ጨመረ። እስከዳር፣ «ይለፉ አባባ» አለች። አላለፉም። አገጫቸው ወጣ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ጣታቸው መጠቅለያው ላይ አረፈች። «አንዴ» አሉ። «አንዴ ብቻ።»

መብራት ሄደ።

ስድስቱም ኮምፒውተር በአንድ ላይ ድርግም አለ። ቤቱ ተንጫጫ። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ራሱ ሱቅ ጄኔሬተር ሮጠ፤ ገመድ በመስኮት ተወረወረ፤ ግማሽ ራሱ የተቆረጠው ሰው ገመዱን ያዘ። «ነዳጅ የለውም!» «አለው፣ ክዳኑን ክፈተው!» አቶ በላቸው ጨለማው ስክሪን ፊት ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ተቀምጠዋል። ሰባት ደቂቃ ፈጀ።

ስክሪኑ ሲመለስ እስከዳር ዓይኗን ጨፍና ነበር። የከፈተችው አባቷ ሲስቁ ሰምታ ነው። እሳቸው በሌሉበት ማሽኑ ራሱ ሲያሳልፍላቸው ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ፖላንዱና ፊሊፒንሱ እርስ በርስ ተጠቃቅልለው ፊሊፒንሱ ወድቋል። ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዙር ብቻ ተጫወቱና ፖላንዱ አሸነፋቸው፤ ማንም አላዘነም። ሁለተኛ! መቶ ሃምሳ አምስት ዶላር! ፀጉር አስተካካዩ ተሸከማቸው። ካለው ጋር ሁለት መቶ አሥራ አንድ፤ ለማሽኑ አንዲት ዶላር ጎደለች።

«እሷን ከኪሴ እሞላለሁ» አሉ እየሳቁ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ለካርታ አይደለማ!»

በሳምንቱ ብሩን በፖስታ ይዘው፣ እስከዳርን አስከትለው፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሆጤ ሄዱ። ራሂማ ማሽኗ ላይ ነበረች። ቀና ብላ አየቻቸው፤ እግሯ መርገጡን አላቆመም።

«በላቸው።»

«ራሂማ። የማሽንሽን ብር አመጣሁ። በዛሬ ዋጋው።»

ማሽኑ ቆመ። ፖስታውን አየች፣ አልነካችውም። «ከየት አመጣኸው?»

እስከዳር አባቷ እንዲዋሹ በልቧ ለመነች። አንዲት ቃል። «ከጡረታዬ» ቢሉ አለቀ።

«ከካርታ» አሉ። «በኮምፒውተር። ግን ከኪሴ ምንም...»

«አስተግፊሩላህ!» ራሂማ ተነስታ ቆመች። «አንተ ሰውዬ! በካርታ የወሰድክብኝን በካርታ ትመልስልኛለህ? ይኼ ሀራም ነው፤ ቤቴ አይገባም። መንገዱ ላይ ቦይ እየተቆፈረ ነው፣ ለሱ ስጠው፤ ሰው ይራመድበት።»

አቶ በላቸው ስድስት ወር ሙሉ ሃያ ሰው ተሸክመው የመጡበት መንገድ እዚያች ደፍ ላይ አለቀ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እንግዲያ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ራሂማ» አሉ።

«አፉ በነፃ ነው እንዴ?» ፊቷ ግን ትንሽ ላላ። «የወሰድክብኝ ሺህ ብር ነው። ከሺህ በላይ አልፈልግም። በወር ሃምሳ ሃምሳ፣ ከጡረታህ፣ በእጅህ ታመጣለህ። ሃያውን ስትጨርስ አፉ እልሃለሁ። አሁን ሂድ፣ ሥራ አለኝ።»

ሦስቱ ሺህ አምስት መቶ ለቦዩ ገባ፤ የቀበሌው ሰው ደረሰኝ ሲቆርጥ ስም ጠየቀ፣ አቶ በላቸው «የሃያ ሰው እቁብ» ብለው አስጻፉ። አራተኛውን ኮምፒውተር ሰላም ማለት ተዉ። ቃላቸው ነበር። ጡረታ በተቀበሉ ማግስት ግን ከሚኒባስ ወርደው ቀጥታ ሆጤ ነው። ሃምሳ ብር ሰጥተው መምጣት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር፤ እሳቸው ሁለት ሰዓት ይቆያሉ። የስፌት ማሽኑን ይጠግኑላታል፣ ስለ ፋብሪካው ያወራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። እስከዳር ጋ ሲደርሱ፣ «ዛሬም ስንቱን ስድብ ሰደበችኝ!» ይላሉ፣ ፊታቸው አብርቶ።

አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሄዱ። ሃያኛው ላይ አልደረሱም። በአንድ ሌሊት ነው የተጠሩት፣ ሳይታመሙ።

ከአርባው በኋላ እስከዳር ሃምሳ ብር ይዛ ሆጤ ሄደች። ራሂማ ተቀበለቻት፤ ብሩን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች።

«ሃያ» አለች።

«እንግዲያ አፉ ይበሏቸው፣ እትዬ ራሂማ። ሳይሰሙ ሄዱ።»

ራሂማ ክር በመርፌ ለማስገባት ስትታገል ቆየች። እስከዳር ተቀብላ አስገባችላት።

«ያኔውኑ አፉ ብዬዋለሁ ልጄ» አለች ራሂማ። «የመጀመሪያው ቀን፣ ከበሩ ሲወጣ፣ ከጀርባው። ፊት ለፊት ብዬው ቢሆን ኖሮ በወሩ ተመልሶ ይመጣ ነበር?»