የመጨረሻዋ ልጅ የክርስትና ስም

ግሩም ስክሪፕቱን አንብቦ ጨረሰና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ገደልሻት» አለ።

«አዎ» አለች ሔራን።

«ቅንጣትን!»

«ሌላ የቀረ ሰው የለማ። ማንን ልግደል?»

የተቀመጡት ባሕር ዳር አጠገብ ካለችው ዘንዘልማ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ለቀረጻ በተከራዩት ባዶ የዓሣ መጋዘን ደጃፍ ነበር። ሔራን የምትጽፈው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በ2190 ዓ.ም. ይሆናል የምትለውን ይተርካል። ጣና ደርቋል፣ ባሕር ዳር ተሰድዳለች፣ ሰው ተመናምኖ ተመናምኖ ቅንጣት የምትባል አንዲት ልጅ ቀርታለች። ሔራን ፊዚክስ ስለተማረች ሐይቁን ያደረቀችው በግምት ሳይሆን በስሌት ነው። «ትንሽ ውኃ ብታስቀሪለትስ» የሚላት ሰው ያናድዳታል።

«ሔሩ፣ ሰው ሲለፋ ውሎ ገብቶ ነው የሚያየን» አለ አዘጋጁ ግሩም። «ይችን ልጅ ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት አስተኝተሽ፣ መብራት አጥፍተሽ፣ ደህና እደር ልትዪው ነው?»

«ውሸት አይቶ ከሚያድር ይሻለዋል።»

«እኔ የእሳት አደጋ ቦቴ ለምኜ ዝናብ አዘንባለሁ። የተሰደዱት ሁሉ እየጨፈሩ ይመለሳሉ።»

«በእስክስታ?»

«ካስፈለገ በእስክስታ! ነገ ማለዳ እንቀርጻለን። እስከዚያ ሰው የሚያስተነፍስ ነገር ካላመጣሽ ዝናቤን እቀርጻለሁ።»

ጽሑፉ የሷ ነው፤ ካሜራው ግን የሱ። ሔራን ወረቀቷን ሰብስባ ተነሣች።

ባጃጅ ይዛ የሄደችው አባቷ ዘንድ ነው፤ ለምክር ሳይሆን ለቀን መቁጠሪያ። ቅንጣት የምትኖርበት ግድግዳ ላይ የ2190 ቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል፤ ልጅቷ በየቀኑ አንድ ቅጠል ትቀድዳለች፤ የመጨረሻው ቅጠል ስቅለት ነው። ቀኑ ደግሞ ልክ መሆን አለበት። ቀደም ሲል አንዱ ተዋናይ «ዘንድሮ ጾመ ነነዌ በጥር ይገባል» ብሎ የጣቢያው ስልክ ሲጮህ ዋለ። የባሕር ዳር ሰው የሐይቁን መድረቅ በትዕግሥት አይቶ በዚያ ዓመት የካቲት የምትውለው ነነዌ በጥር ስትገባ ግን አላስችል አለው። ከደዋዮቹ አንዱ አባቷ ነበሩ፤ እንደ ማንኛውም ተመልካች ስማቸውንና ሰፈራቸውን ተናግረው።

አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከሐይቁ ዳር ሾላ ሥር ተቀምጠዋል። ሔራን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምትላቸው።

«መጣሽ? እኔም ልጠይቅሽ የምሻው ነገር ነበረኝ» አሏት። «ለመሆኑ የዚያች የቅንጣት የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«ለምን ፈለጉት?»

«በጸሎት ላስባት ብዬ ስም አጣሁ። ቅንጣት ብዬ እንዴት እጠራታለሁ፤ ጤፍ መሰለች እኮ!»

«የኔታ፣ ልጅቷ የለችም። እኔ ነኝ የጻፍኋት።»

«የጻፍሻትማ አንች ነሽ፤ አያያዝሽ ስላላማረኝ ነው።»

ሔራን ሳቋን ዋጥ አድርጋ የመጣችበትን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ደስ አላቸው። የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ።

«ዘመኑ ማርቆስ ነው። ነነዌ የካቲት አሥራ አንድ። ስቅለት ሚያዝያ አሥራ ስምንት።»

«በቃኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተነሣች።

«ቁጭ በይ፣ አልጨረስሁም። ትንሣኤ ሚያዝያ ሃያ፤ ዕርገት...»

«አያስፈልገኝም፤ ከስቅለት በኋላ ሰው የለም።»

«የት ሄደው?»

«አልቀዋል።»

«እሷም?»

«እሷም» አለች ሔራን። የኔታ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ስቅለት ላይ የሚቆም ቁጥር አልተማርሁም» አሉ። «ስቅለትም ትንሣኤም የሚወጡት ከአንድ ስሌት ነው። አንዱን ያገኘ ሌላውን አግኝቷል። ብፈልግም ቆርጬ ልሰጥሽ አልችልም።»

«እሺ፣ በዚያ ዓመት ሰው እንደሚኖር በምን አወቁ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ለምነን የምናገኘው ቁራሽ ጠፍቶ፣ መምህራችን የማንደርስበትን ዘመን ፋሲካ ያስቆጥሩን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ተናዶ ‹ማን ሊበላው ነው?› አላቸው። ‹የሚበላው ሲመጣ ቀኑ እንዳይጠፋበት ነው፤ ቁጠር› አሉት።»

«ይኼ ተስፋ አይደለም የኔታ፤ ግትርነት ነው።»

«ስሙን አንች አውጭለት። የተማርሽው አንች ነሽ።»

ባጃጁ ውስጥ ስትመለስ ተናድዳ ነበር። ሐይቁን በስሌት አድርቃዋለች፤ ከዚያ ንቅንቅ አትልም። የልጅቷ መተኛት ግን ከየትኛው ስሌት ወጣ? ስታስበው ከየትም አልወጣም። ድካም ነው፤ ያውም የቅንጣት ሳይሆን የጸሐፊዋ። እስክሪብቶ አወጣችና እዚያው ጉልበቷ ላይ ሰረዘችው።

በማግስቱ ማለዳ ግሩም አዲሱን ገጽ አነበበ። ቦቴው መጋዘኑ አጠገብ ቆሟል።

«ዝናብ አለ?»

«የለም።»

«ሰው መጣ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምኑ ተሻሻለ?»

«አልተኛችም። ትቆጥራለች።»

ግሩም ፀጉሩን አከከ። «አንዴ እቀርጸዋለሁ። ካልነካኝ ቦቴውን አስነሣለሁ።»

ቅንጣትን የምትጫወተው ተዋናይ፣ ዜማ፣ በጣት አንጓ መቁጠሩን እንድትለምድ የኔታ ተጠርተው መጥተዋል። ካስተማሯት በኋላ ከካሜራው ጀርባ ወንበር ተሰጣቸው፤ ድምፅ እንዳያሰሙም ተነገራቸው። «ቅዳሴ መሆኑ ነው?» ብለው ተቀመጡ።

ቀረጻው ተጀመረ። ዜማ የስቅለትን ቅጠል ቀደደች። ከሥሩ ባዶ ግድግዳ ነው። ቆየች። ከዚያ እጇን አንሥታ አንጓዎቿን ነካች፣ ከሰል አነሣችና ግድግዳው ላይ «ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 20» ብላ ጻፈች። ዝቅ ብላ የሚቀጥለውን ዓመት ቁጥር ጀመረች።

«ኧረ ዕርገት!» የሚል ድምፅ መጋዘኑን ሞላው። «ዕርገትን ዘለልሽው እኮ ልጄ!»

ዜማ ድንግጥ ብላ ዞረች። ከሰሉ ከእጇ ወደቀ። ለብዙ ጊዜ ሰው ያልሰማች ልጅ ፊት ነበር፤ ማንም እንዲህ አድርጊ ብሎ ሊያዛት የማይችለው ፊት። ካሜራው ላይዋ እንደሆነ ነው። ግሩም «ካት» ሊል አፉን ከፈተ፤ ሔራን ክንዱን ያዘችው።

የኔታ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

በመጨረሻ ግሩም ራሱ በቀስታ «ካት» አለና ወደ ሔራን ዞረ። «ድምፁን በኋላ ማውጣት እንችላለን።»

«ተወው» አለች።

«ሰው የለም ብለሽ አልነበር?»

«ተሳስቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ቀርተዋል።»

ግሩም ሳቀና ወደ ቦቴው ሾፌር ጮኸ፦ «ወንድሜ፣ ሂድልን፤ አንፈልግህም!»

የኔታ ቀረብ አሉ። «አበላሸሁባችሁ?»

«አበላሹት።»

«ይቅር በይኝ። ስትዘል ሳይ አላስችል አለኝ።» ዜማን በዓይናቸው እየተከተሉ፣ «አልሞተችም እንግዲህ። የክርስትና ስሟን ንገሪኛ።»

ሔራን ገመዱን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ «ወለተ ጊዮርጊስ በሏት» አለች።

«ያማ ያንችው ነው።»

«ትዋሰኝ። እኔ እንደሆነ ብዙም አልሠራሁበትም።»