የጎበጠው አጥር

አባቴ የጓሮውን ዕቃ ቤት ወደ ጎረቤታችን ወሰን አስጠግቶ ሠራውና የከተማው አስተዳደር አፍርስ አለው። ወለሉ ላይ ሲሚንቶ ባያፈስበት ኖሮ ጎትተን እናርቀው ነበር። "እንደ ጋሪ የሚጎተት ቤት አልሠራም" ብሎኝ አፈሰሰ።

ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ የሚኖረው የሰው የሣር ማጨጃ ሞተር እየጠገነ ነው፤ የሚጠግነውም እዚያ ውስጥ ነው። ዕቃ ቤቱ ከፈረሰ ሥራው አለቀ።

ስህተቱ ኦሃዮ ውስጥ ጓሮ ያለው ወንድ ሁሉ የሚሠራው ነው። ትንሽ ዕቃ ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም ሲሏቸው ሕግም የለውም ብለው ይሰማሉ። ደንቡን አውጥቼ ከወሰኑ መራቅ እንዳለበት ሳነብለት "ከአጥሩ ለክቻለሁ" አለኝ። አጥሩ ወሰን አይደለም። ድሮ እሱና የጎረቤታችን የሎርና ባል ዌንደል አጥሩን አብረው ሲሠሩ ወሰኑ ላይ ሜፕል ዛፍ ቆሞ ነበርና፣ አጥሩን ወደ ሎርና በኩል አጉብጠው አዞሩት። ዛፉ ተቆረጠ፣ ዌንደል ሞተ፣ ጉብጠቱ ቀረ። አባቴ ከጉብጠቱ ለካ፤ ዕቃ ቤቱም እውነተኛውን ወሰን ተጠጋ።

የከሰሰችው ሎርና ናት። እሷ አልቃወምም ብላ ከፈረመች ግን የከተማው የግንባታ ቦርድ ሊያልፈው ይችላል። አባቴን እየጎተትኩ ቤቷ ወሰድኩት።

"ዛሬ በበር መጣህ ቨርሊን?" አለችው ሎርና አባቴን፣ ከወጥ ቤት ወንበሯ ሳትነሣ። "የሞተርህ ድምፅ ሁልጊዜ በመስኮት ነበር የሚገባው።"

"ልትሰድቢኝ ከሆነ እሄዳለሁ።"

"ገና መቼ ጀመርኩ!"

"ወይዘሮ ሎርና" አልኩ፣ "ቢፈርሙልን ነገሩ ያልቃል።"

"አንቺ ደግሞ ማርቫ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው አጥር መለካት ነው?"

"አጥሩ ወሰን አይደለም ብዬው ነበር። አልሰማኝም።"

"የት ይሰማል! ዌንደልም እንደሱ ነበር። ሁለት ደንቆሮ ተጋግዞ ያጎበጠው አጥር ነው።"

"ዌንደልን አታንሺው" አለ አባቴ።

"ባሌ ነው፤ ባሻኝ ጊዜ አነሣዋለሁ።" እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጣች። "እሑድ ጠዋት ሞተር እንዳታስነሣ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። እሺ በለኝና እፈርማለሁ።"

ይኸው ነበር የጠየቀችው። እሑድ አባቴ ከቀትር በፊት አይሠራም፤ ቢሠራም አንድ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፣ ያውም እሷን ለማናደድ።

"በገዛ ጓሮዬ መቼ እንደምሠራ አንቺ አትነግሪኝም።"

"አባዬ፣ እሺ በል።"

"አልልም።"

"እኔ እሺ ብያለሁ" አልኳት። "ዕቃ ቤቱን እኔ እቆልፈዋለሁ።"

"ከሱ አፍ ነው የምፈልገው" አለች ሎርና።

አባቴ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ አደረገ። እስክሪብቶውን አየ፣ እሷን አየ።

"ያፍርሱት" አለ።

"ማነው የሚያፈርሰው? እኔ መዶሻ አላነሣልህም!" አልኩት።

ወጣና በሩን ዘጋብን።