ባለ ዘጠኙ ሽጉጥ

ሙሄ አራዳ ገበያ ላይ አቡጀዴ ይሸጣል። ቤቱ አፍንጮ በር ነው። በዚያ ክረምት ከገበያ ወደዚያ በሚወስደው መንገድ፣ የወንዙ መሻገሪያ ላይ ሁለት ነጋዴዎች ተገፈፉና ባለሱቁ ሁሉ ስለ ሽጉጥ ያወራ ጀመር። ቀድሞ የታጠቀው የጎን ባለሱቁ ሽኩር ነበር።

አንድ ቀን የሙሄ ሚስት ነጂባ ባሏን፣ «ከሽኩር ጋር ብትመለስ ምናለ? ያንን ትልቅ ሽጉጥ አይቶ ማን ይጠጋችኋል?» አለችው።

ሙሄ ገበታውን ትቶ ተነሳ። ሽኩር ቁመቱ ሎጋ፣ ለሳቅም ቅርብ ነው። ነጂባ ሽጉጡን መቼ ነው ያየችው?

በማግስቱ አርመኑ መሣሪያ ሻጭ ዘንድ ሄደ። ሻጩ ሙሴ ሃጎፕ ሁለት ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት።

«ይሄ ጥይቱ ቀጭን ነው፣ ባለ ሰባት ሚሊሜትር። ሲተኮስ አይራገጥም። ይሄኛው ባለ ዘጠኝ ነው፤ የመታውን ይጥላል፣ ጠንካራ እጅ ግን ይፈልጋል። እስቲ ቀኝህን አሳየኝ።»

ሙሄ እጁን ከኩታው አላወጣም። የቀኝ እጁ አንጓ ከዓመታት በፊት ከበቅሎ ወድቆ ተሰብሮ፣ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው።

«ሽኩር የገዛው የቱን ነው?»

«ባለ ዘጠኙን። ለራስህ ግን የምታነጣጥርበትን ምረጥ። ያልመታ ጥይት ቢወፍር ምን ይሠራል?»

«ባለ ዘጠኙን ይስጡኝ።»

ሳምንት ሳይሞላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በበቅሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ መሻገሪያው ላይ ሁለት ሰዎች የበቅሎውን ልጓም ያዙ። ሙሄ መዝዞ ተኮሰ። ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ፤ ሽጉጡ ከእጁ አምልጦ ጭቃው ላይ ወደቀ። አንደኛው ሊያነሳው ሲያጎነብስ ከኋላ ሌላ ተኩስ ጮኸና እግሩ ሥር አፈር ተነሳ። ሁለቱም ገደሉን ይዘው ሮጡ።

ሽኩር ነበር። በእጁ መዳፍ የምትሸፍናት ትንሽ ሽጉጥ ይዟል።

«ትልቁስ?» አለ ሙሄ አንጓውን እንደያዘ።

«ከትናንት በስቲያ መለስኩት እኮ!» ሽኩር ሳቀ። «አንዴ ተኩሼ ትከሻዬን ሦስት ቀን ሲያሹኝ ሰነበቱ። ላንተ አልነገርኩህም እንዴ?»

ሙሄ ከሌቦቹ ይልቅ በዚያ ሳቅ ተናደደ። እሱ የደበቀውን ድካም ሰውየው እንደ ቀልድ ያወራዋል!

ቤት ሲደርስ ነጂባ አንጓውን በጨርቅ እያሰረች ሽኩርን መረቀችው። ሙሄ እጁን ነጠቃት።

«በቃ፣ እሱን አግቢው!»

ነጂባ የወደቀውን ጨርቅ አነሳች። «እኔ እንዳትሞትብኝ ነው የፈራሁት» አለች ቀስ ብላ። «አንተ በሽኩር ቀንተህ ነው በዚህ እጅህ ያንን የገዛኸው?»

ሙሄ መልሶ እጁን ዘረጋላት፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አፈረ።

ባለ ዘጠኙን በባለ ሰባት ለወጠ። ከሽኩር ጋርም አብሮ ይመለስ ጀመር። የቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ግን ሙሄ ነጂባ ብቅ ሳትል ቶሎ ብሎ ይሰናበተዋል።