ስድስት ሳምንት በወተት

በስፌት ቤቱ ጨርቅ የሚቆረጠው አርባው ተነባብሮ ነው። ቆራጯ ከላይ በጠመኔ ታሰምራለች፤ ማሽኑ አርባውንም ባንዴ ይበላዋል። አሥራ ስድስት ዓመት እንከን ያልተገኘባት ቆራጭ ታዲያ አንድ ቀን ንድፉን ለግራው መገልበጥ ረሳችና ለአርባ ኮት ሰማንያ ቀኝ እጅጌ ቆርጣ አረፈች።

«ሁለት ቀኝ እጅ ያለው ደንበኛ ፈልጉ» ብለው ሳቁ ሰፊዎቹ። አለቃው አልሳቀም። ከሐኪም ቤት ስትመለስ «እስክትድኚ ቁልፍ ትከይ። ስድስት ሳምንት ጠረጴዛሽን እጠብቅልሻለሁ» አላት።

ስድስት ሳምንት ያለችው ሐኪሟ ነበረች። አንገቷ ውስጥ ያለችው የታይሮይድ እጢ ሥራዋን አቀዝቅዛለች፤ ድካሙም፣ ብርዱም፣ መርሳቱም ከዚያ ነው። በየጠዋቱ አንዲት ትንሽ ክኒን፣ ከዚያ የደም ምርመራ።

ቆራጯ አንድ ቀን ሳታጓድል ዋጠች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁሉ ሰው በሸሚዝ ሲሠራ እሷ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ስለነበር «ፍሪጅ» የሚል ስም ወጣላት። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረው ፀጉርም አልቀነሰም። በስድስተኛው ሳምንት የደሟ ውጤት ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

«በምንድን ነው የሚወስዱት?» አለች ሐኪሟ።

«በወተት። እህቴ አፍልታ ታመጣልኛለች።»

«በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብዬዎት ነበር እኮ! ወተት መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። ከዋጡ በኋላ አንድ ሰዓት ምንም አይቅመሱ፤ ወተቱ ደግሞ አራት ሰዓት ይቆይ። እንደገና ስድስት ሳምንት እንሞክር።»

እውነትም ብላ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን የሚነገራት ሁሉ ከጆሮዋ አልፎ አይዘልቅም ነበር።

ታላቅ እህቷ ሁሉንም ሰምታ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። «ክኒኑ ባዶ ሆድሽን እንዳይልጥሽ ብዬ ነው።»

«ሐኪም ነሽ?»

«እማዬን ማን አስታመመ? ክኒኗን ሁሉ በወተት አልነበር የሰጠኋት?»

«የእማዬ ሌላ፣ የእኔ ሌላ!»

«እሺ ጩኺብኝ። ሰሞኑን ድምፅሽም ጠፍቶ ነበር።»

ቆራጯ ትታት ወደ ሥራዋ ሄደች። አለቃው በሩ ላይ አገኛት። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጨርቅ ተነባብሮ ይጠብቃል፤ እሷ ያሠለጠነቻት ወጣት ቆራጭ አጠገቡ ቆማለች።

«እህስ፣ ዳንሽ? ዛሬ ይቆረጣል።»

ድኛለሁ ማለት ቀላል ነበር። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ጠዋት ግን የቤቷን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክታ ትታው ነበር የወጣችው፤ ጎረቤት ነው ሮጦ ያደረሰላት።

«አልዳንኩም። ሌላ ስድስት ሳምንት።»

«እኔ ሌላ ስድስት ሳምንት የለኝም።»

«አውቃለሁ» አለችና ጠመኔውን ከጠረጴዛው አንስታ ለወጣቷ ሰጠቻት። «ጫፉን አሹዪው፤ ወፍራም መስመር ያሳስታል።»

ከዚያ ጀርባዋን ለጠረጴዛው ሰጥታ ተቀመጠች። የመቁረጫው ማሽን ሲነሳ፣ ቁልፍ ለመትከል መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስተኛ ሙከራዋ ላይ ነበረች።