ቀድሞ የሚነሳው እጅ

ያን ዓመት ክረምቱ አልወጣም አለ። በጡብ ፋብሪካው ጥሬው ጡብ በየመደርደሪያው ላይ እንደ ሊጥ ላመ። ያልደረቀ ጡብ እሳት አይገባም፤ ምድጃው ቀዘቀዘ። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ደመወዝ ቆመ። ባለቤቱ ከከተማ ዳቦ ላከ፤ መጀመሪያ ለሰው አንድ፣ ኋላ ለሁለት ሰው አንድ። ልጆች ሳሉ። ሽማግሌዎች ሞቱ፤ መቃብራቸው ተቆፍሮ ሳያልቅ ውሃ ይሞላው ነበር። ከዚያ ወንዙ ድልድዩን ወሰደው፣ ዳቦውም ቀረ።

ዳቦ የሚያድለው ቀጮ የሚሉት ጡብ ጫኝ ነበር። ማንም አልሾመውም። ሰው እርስ በርሱ ሳይተማመን ሲቀር ቅርጫቱን እሱ እጅ ላይ አስቀመጡት። ሁሉም ከወሰደ በኋላ የተረፈውን ያነሳል። አንድ ቀን ለራሱ ጎደለው። ቅርጫቱን ገልብጦ አራገፈና ሳቀ።

«ዛሬ ሆዴ እረፍት ወጣ» አለ።

ሰው ሁሉ ያን ሳቅ አየ። ቆጥሮ የሚያድል ሰው ለራሱ እንዴት ይጎድለዋል ብሎ ያን ቀን የጠየቀ የለም። የፋብሪካውን እሳት የሚያነደው ምድጃ ጠባቂ እንኳ ይህን ያሰበው ካረጀ በኋላ ነው።

ቀጮ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሲናገር ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው ለመስማት ዝም ይላል፣ ይጠጋል። የማን ልጅ እንደሚያስል፣ የማን እናት ዓይኗ እንደፈዘዘ ያውቃል። ጥፋት ሲመጣ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ምስጋና ሲመጣ ሌላውን ወደ ፊት ይገፋል።

ዝናቡ በጠናበት ሰሞን የምድጃ ጠባቂው ሚስት ምጥ ያዛት። ልጁ ተጋድሟል፣ ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ባልየው ወንዙ ዳር ቆሞ ቀረ። ዋና አያውቅም። ቀጮ ሸሚዙን አውልቆ ጎንበስ አለ።

«ነይ እህቴ፣ አንገቴን ያዢ። አንተ ከኋላዬ ተከተል፣ እግሬ የረገጠበትን እርገጥ።»

ተሻገሩ። ሴት ልጅ ተወለደች። እናቲቱም ተረፈች።

«በምን እከፍልሃለሁ?» አለ ምድጃ ጠባቂው።

«ተው እንጂ። በእኛ መሃል ምን ውለታ አለ?»

ክረምቱ ሲወጣ ቀጮ ምድጃው አጠገብ መጥቶ ቁጭ አለ። እጁን በእሳቱ አሞቀ።

«ነገ ስብሰባ አለ» አለ። «እጅ አንሱ ሲባል ቀድመህ አንሳ። ሌላ አልልህም።»

«በማን ላይ ነው?»

«በማንም ላይ አይደለም። ለሠራተኛው ነው።»

በሊቀመንበሩ ላይ ነበር። የሠራተኛው ማኅበር ሊቀመንበር የምድጃ ጠባቂው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ጯሂ፣ ግትር፣ የማንንም ልጅ ስም የማያስታውስ፣ ግን እጁ ንጹህ ሰው። ከባለቤቱ ጋር ዱቄት ተካፍሏል ተባለ። ምድጃ ጠባቂው ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ያን ክረምት የእህቱ ቤት መጥቶ የድስት ፍቅፋቂ ሲበላ አይቶታል።

«ይውረድ የምትሉ» ተባለ። አዳራሹ ውስጥ ሰው የጎረቤቱን እጅ ያይ ነበር። ምድጃ ጠባቂው እጁን አነሳ። የሊቀመንበሩ የገዛ አማች ካነሳማ ብለው ሌሎቹም አነሱ። ሊቀመንበሩ ቀጮን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ያየው ምድጃ ጠባቂውን ነው።

ቀጮ ሊቀመንበር ሆነ። ቀጥሎ የከተማው፣ ቀጥሎ የአገሩ ሁሉ መሪ። ለምድጃ ጠባቂው ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባው። ቀጮ ወደቡ ላይ ሰው ነበረው፤ እናቱን እሱ የቀበረለት። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበረው፤ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባለት። በየስብሰባው ቀድሞ የሚነሳ አንድ እጅ ነበረው፣ እሱም ሁልጊዜ ያልተጠበቀ ሰው እጅ ነው። ሰው ተናጋሪውን አይከተልም፤ ቀድሞ የተነሳውን እጅ ይከተላል። ቀጮ ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ደግነቱም የውሸት አልነበረም። በእርግጥ አዝኖ፣ በእርግጥ ወንዝ ገብቶ ነው ያደረገው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የድሮውን ሊቀመንበር የሆነ ጧት መጥተው ወሰዱት። አልተመለሰም።

የምድጃ ጠባቂው ሚስት ከቤት አልወጣችም። የት ትሄዳለች? ግን መኝታዋን ወደ ጓዳ አዛወረች። ባሏን «አንተ» ማለት ትታ «ሰውየው» አለችው፤ ለዚያውም ከጎረቤት ጋር ስታወራ። ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ትተውለትና በሩን ትዘጋለች። አንድ ጊዜ ብቻ በበሩ ቀዳዳ፣ «ምነው ያን ቀን ወንዙ በወሰደኝ» ስትል ሰማት። ልጃቸው አድጋ ሩቅ አገር አገባች። እሱ ከምድጃው ጋር ማውራት ለመደ። ምድጃ መልስ አይሰጥም እንጂ ይሰማል።

መሪው ያረጀ ጊዜ እስከ ዕለተ ሞቱ እንዲገዛ ድምፅ ይሰጥ ተባለ፤ መጀመሪያ ከተነሳበት ቦታ እንዲጀመር። ክረምት ነበር። ጧት ጡብ ፋብሪካውን ጎበኘ። ስብሰባው ከወንዙ ማዶ በከተማው አዳራሽ ነው፤ ሕዝቡ ሞልቷል፣ ራዲዮው ይጠብቃል። ላይ አገር የጣለው ዝናብ ወርዶ ድልድዩን ዳግመኛ ሰበረው። መኪኖቹ ቆሙ። አንድ ወጣት ጠባቂ ሊሞክር ገብቶ ውሃው ገለበጠው፤ በገመድ ጎትተው አወጡት።

ምድጃ ጠባቂው ከሠራተኞቹ መሃል ወጣ። ዋና ዛሬም አያውቅም። ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ የዚያን ወንዝ ድንጋይ ሁሉ በእግሩ አጥንቷል፤ ብቻውን፣ ለምን እንደሆነ ለራሱም ሳይነግር።

«እኔ አሻግርዎታለሁ» አለ፣ ጎንበስ ብሎ።

ጠባቂዎቹ ተንጫጩ። መሪው እጁን ወዘወዘ፤ ዝም አሉ። የምድጃ ጠባቂውን አንገት ያዘ።

ቀጮ ድሮ ቀረ፤ ከባድ ሰው ሆኗል። ውሃው እስከ ጭን ነው። መሪው በጆሮው ስር፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራው ጀመር።

«ልጅቷ ሁለተኛ ወለደች አሉኝ።»

«ወልዳለች።»

«ዛሬም ከፊት ትቀመጣለህ። እንደ ድሮው።»

«እጅ የሚያነሳ ጠፍቶ ነው?»

«ሞልቷል። ተናግሬ ሳልጨርስ ያጨበጭባሉ።» ወደ ጆሮው ተጠጋ። «ሁሉም ፈርቶኝ ነው የሚያነሳው። ሳትፈራኝ ያነሳህልኝ አንተ ነህ። ሌሎቹ እንደዚያ የነበሩት አለቁ።»

እንዴት እንዳለቁ አልተናገረም። ምድጃ ጠባቂው እግሩን ከድንጋይ ድንጋይ ያሻግር ነበር።

ማዶ ዳር ላይ አወረደው፣ ቀስ አድርጎ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ሳር ላይ።

«ቀጮ» አለ። ያን ስም አፍ አውጥቶ ከጠራ ስንት ዘመን ሆኖታል። «አንድ ሰው አሻግረህልኝ ነበር። አንድ ሰው አሻገርኩ።»

መሪው ፈገግ ሊል ሞከረ። «በእኛ መሃል ምን ውለታ አለ?»

«ነበር እንጂ። አሁን የለም።»

የመሪው ፊት እንደ ባዶ ቤት ሆነ። ጠባቂዎቹ ገና ከወዲያ ማዶ ገመድ ይዘረጋሉ። ሳሩ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ የሚደገፈው ነገር እንደሚፈልግ ሰው እጁን ዘረጋ። ምድጃ ጠባቂው ዞሮ ወንዙ ውስጥ ገባ። አንድ ጠባቂ መሣሪያውን አነሳ። መሪው ራሱን ነቀነቀ፤ መሣሪያው ወረደ።

ቤቱ ሲደርስ የከተማው ድምፅ ማጉያ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «የምትደግፉ እጅ አንሱ» አለ ድምፅ ማጉያው። ከዚያ ዝም አለ። የውሃው ድምፅ ብቻ ሆነ። የተበላሸ እስኪመስል ዝም አለ። በመጨረሻ አንድ ሰው የሆነ ነገር ጮኸ፣ ጭብጨባው ተከተለ፣ «በሙሉ ድምፅ» ተባለ።

የጓዳው በር ተከፈተ። ሚስቲቱ ጨርቅ ይዛ ቆማለች።

«ዛሬ ዘገየ» አለች።

«አዎ።»

«እጅህ አልነበረም።»

«እዚህ ነበር» አለና ጉልበቱ ላይ ያለውን እርጥብ እጁን አሳያት። «ስለ ወንዙ ጎረቤት ነግሮሻል?»

«አገሩ ሁሉ ሲያይ አይደል የተሸከምከው። የኔም እዳ ነበር እኮ፤ የተሻገርኩት እኔ ነኝ።» ጨርቁን ወረወረችለት። «ከበደህ?»

«ካንቺ ይከብዳል።»

«እኔ ያኔ ሁለት ነበርኩ» አለች። አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ግን መሳቋን አየ። ከዚያ ስለ ወንድሟ አለቀሰች፣ ረጅም ጊዜ። ስትጨርስ በርጩማዋን ከጓዳ አውጥታ ከሱ ራቅ አድርጋ፣ ግን እዚያው ደጃፉ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

«አንተ» አለች፣ «እግርህን አድርቅ።»